«እስክትመጣ» የተባለው ውሻ

በሚኒሶታ ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ኤርፖርት ብትሄዱ የመኪና ማቆሚያው በር ላይ የምታገኙት ሐበሻ ነው። ሆስፒታል ብትተኙ አንሶላችሁን የሚቀይርላችሁ ሐበሻ ነው። ስኔሊንግ አቨኒው ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ከታያችሁማ፣ ሳምንት ሳይሞላ የሠርጋችሁ ቀን መቆረጡን ከሌላ ሰው ትሰማላችሁ፤ አንዳንዴም ፍቺያችሁን ጭምር።

ሀሲባና አክሊሉ ግን አንድ ቦታ አግኝተው ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በዛፎች መሃል ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ፈረንጆች ውሾቻቸውን ከማሰሪያ ፈትተው የሚለቁበት አሸዋማ ዳርቻ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድመት የሚያክለውም ጥጃ የሚያክለውም ውሻ አንድ ላይ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ሙስሊሙ ልብሴ ይነጀሳል ብሎ፣ ክርስቲያኑም «ፈረንጅ ደግሞ ከውሻ ጋር አበደ» እያለ ስለሚጠየፈው፣ አንድም የአገር ልጅ እዚያ ዝር አይልም። ተደብቀው ለሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ሀሲባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሮቢንስዴል ካለ ሆስፒታል በረዳት ነርስነት ትሠራለች፤ የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከሙሀይሚንና ከሚስቱ ከዙለይሃ ጋር ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሙሀይሚን ለእሷ ወንድምም አባትም ነው። አክሊሉ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ፍሪድሊ ውስጥ የሕክምና ዕቃ ከሚሠራ ፋብሪካ የሚውል፣ ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። ያን አንገቱን ባያዘነብል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

የተዋወቁት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። ሀሲባ የምትወዳቸው አንዲት አሮጊት ታማሚ በእሷ ሺፍት ሞቱባት። ወንድሟ ፊት ማልቀስ አልፈለገችም፤ መኪናዋን ወደ ወንዙ ነዳች፣ ቁልቁል ወረደች፣ የት እንደገባች ሳታውቅ አሸዋው ላይ ቆመች። ወዲያው አንድ ቡናማ ውሻ ከውሃው ወጥቶ እየተንጠባጠበ ወደ እሷ ሮጠ። ሀሲባ ደርቃ ቀረች። ያን ጊዜ አንድ የወንድ ድምፅ «እስክትመጣ! ና ወዲህ! እስክትመጣ!» ሲል ሰማች። በአሜሪካ ወንዝ ዳር፣ በጠራ አማርኛ።

የአገራችን ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለውሻው ብሎ አይደለም። ለጎረቤት፣ ለባላንጣ፣ ለራቀ ሰው የሚልከውን መልእክት ነው በውሻው ስም የሚጠራው። ኮምቦልቻ በሀሲባ ሰፈር ከወንድማቸው ጋር በድንበር የተጣሉ አንድ ሰውዬ ውሻቸውን «ሁሉን አየሁት» ብለው ሰይመው፣ ጠዋት ማታ በወንድማቸው ደጅ በኩል ይጠሩት ነበር። ስለዚህ ሀሲባ እንባዋን እየጠረገች፣ ሳቋም እያመለጣት፣ ማንን ሲጠብቅ ነው እንዲህ ያለ ስም ያወጣው ብላ ጠየቀችው። አክሊሉ አንገቱን አዘነበለ። ዓይን ዓይኗን እያየ፣

«እንግዲህ አሁን ሌላ ስም ልፈልግለት ነው» አላት።

ከዚያች ቃል ወዲህ ሀሲባ ያን ስም የራሷ አድርጋ ያዘችው። ገና ሳያውቃት ሲጠብቃት ኖሯል ማለት ነው። አንሶላ ስትቀይር፣ ታማሚ ስታገላብጥ፣ በሆዷ እስክትመጣ፣ እስክትመጣ ትላለች። ለወንዙ የምትለብሰው አንድ ጃኬት ከመኪናዋ ኋላ አኖረች፤ ስትመለስ ታወልቀዋለች፣ እጇን ደጋግማ ትታጠባለች፣ ለሶላት ሌላ ትለብሳለች። ለሙሀይሚን ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለብኝ ትለዋለች። ክረምቱ ከነበረዶው እንዲህ አለፈ፤ እጇ በአክሊሉ ኪስ ውስጥ፣ ውሻው እግራቸው ሥር።

ሰኔ ላይ ግን ነገር መጣ። አንድ ውሻ የአንዲት እናት ልጅ ገፍቶ ውሃ ውስጥ ጣለ። ልጁ ከመራስ በቀር ምንም አልሆነም፤ እናትየው ግን ሰፈሩን አነሳሳች። ውሾቹ ይታሰሩ፣ አለዚያም ዳርቻው ለውሻ ይዘጋ ተባለ፤ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባም ተጠራ። ለሰፈሩ ሰው የውሻ ጉዳይ ነበር። ለሀሲባ ግን ያ አሸዋ ከተዘጋ ከአክሊሉ ጋር የምትቀመጥበት ሌላ ምድር የለም።

እሷም ስብሰባው ላይ ሄዳ ለመናገር አሰበች። አክሊሉ ፈጽሞ አይሆንም አላት። ድንገት አንድ ሐበሻ ቢኖር ስሟ የሰው መቀለጃ እንደሚሆን፣ እሱ ብቻውን እንደሚበቃ፣ ይህን የሚለውም ለእሷ ብሎ እንደሆነ ነገራት። ሀሲባ እንዴት ቢሳሳላት ነው ብላ ልቧ በፍቅር ራደ።

*

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ቁርጧን አደረገች። ዳርቻው ቢዘጋም ባይዘጋም ዕድሜ ልክ በውሾች መሃል ተደብቆ መዋደድ አይቻልም። በዚያ ላይ ሙሀይሚን ስለ አክረም መልስ ይጠብቅ ነበር። አክረም ሱቅ ያለው፣ አፉ የታረመ፣ በሽማግሌ በክብር የጠየቃት ሰው ነው፤ ጥፋቱ አክሊሉን አለመሆኑ ብቻ ነው። ሙሀይሚን ለሥራ ጫማውን ሲያስር መጥታ ፊቱ ቆመች። አክረምን እንደማትፈልግ፣ የምትወደው ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ክርስቲያን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ማእድ ቤት ዕቃ ታጥብ የነበረችው ዙለይሃ ውሃውን ዘጋች።

ሙሀይሚን የጫማውን ማሰሪያ ለቀቀ። ሀሲባ ጩኸት ስትጠብቅ፣ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እኛ ወሎዬዎች ነን፣ ሀሲዬ። የእናታችን እናት ክርስቲያን ተወልደው ነው አያታችንን ያገቡት። የሃይማኖቱን ነገር ከራሱ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እሁድ ይምጣ። ስሙን ግን አንቺ አትንገሪኝ። ደህና ሰው ከሆነ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ሀሲባ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

*

ስብሰባው በሰፈሩ መናፈሻ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሀሲባ አክሊሉን ድንገት ልታስደስተው አስባ፣ ከእንግዲህ መደበቅ ቀረ ልትለው ጓጉታ፣ በሩ ላይ ለመናገር ተመዝግባ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። አጠገቧ አርሊን ነበረች፤ በዳርቻው ላይ ዘወትር የሚያገኟት፣ ወፍራም ነጭ ውሻ ያላት ደግ ፈረንጅ። አክሊሉ ከፊት ረድፍ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ሀሲባ ጀርባውን እያየች፣ ዞሮ ሲያያት ፊቱ ምን ሊመስል እንደሚችል በልቧ ትስለው ጀመር።

ልጇ የወደቀባት እናት ተናገረች፣ ሌሎችም ተከተሏት፤ ሁሉም ዳርቻው ይዘጋ የሚሉ ነበሩ። ከዚያ አክሊሉ ተነሳ። እዚህ አገር ሲገባ ሰው እንዳልነበረው፣ ከፋብሪካ ወጥቶ የሚያናግረው አጥቶ አንድ ሰው የጣለውን ውሻ እንዳሳደገ፣ ከሰው ጋር የተላመደው በዚያ አሸዋ ላይ እንደሆነ በተጠነቀቀ እንግሊዝኛ አስረዳ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማው። ሀሲባ በኩራት ቀና አለች።

«ሁላችሁም የውሻዬን ስም ትርጉም ትጠይቁኛላችሁ» ብሎ ቀጠለ።

አማርኛ ሴቲቱን በግሱ ውስጥ ሸሽጎ ያሳልፋታል። እንግሊዝኛ ግን ነጥሎ «ሺ» ብሎ ያወጣታል። አክሊሉም በሰው ሁሉ ፊት አወጣት።

«እሷ እስክትመጣ ማለት ነው። እሷ ሚስቴ ናት። ጽጌሬዳ ትባላለች፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ሁለት ጊዜ ቪዛ ከለከሏት። አሁን ተፈቅዶላታል፤ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። መጀመሪያ የማሳያትም ያን ወንዝ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። አንዲት ሴትዮ መሐረብ አወጣች። አርሊንም የሀሲባን እጅ ጨበጥ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ለወንድምሽ እንዴት ደስ አለኝ» ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

ለወንድምሽ። ሀሲባ ቃሉን እንደማታውቀው ቋንቋ አዳመጠችው። ለካስ አክሊሉ «እህቴ ናት» ብሏቸው ኖሮ፣ በዳርቻው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚያውቋት የእሱ እህት ሆና ነው። በእኛ ዘንድ መንገድ የምትጠይቁት ሰው ሁሉ ወንድም ነው፣ የምታሳልፏት ሁሉ እህት ናት፤ ማንም በዚህ አይታለልም። ለፈረንጅ ግን እህት ማለት የአንድ እናት ልጅ ነው፤ አክሊሉ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ «እንዴት ነሽ» እያሉ ፈገግ ይሉላት የነበረው፣ ወንድሟን አጅባ ለምትመጣ እህት ነበር።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ሀሲባ ስትወድቅ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። እጇ አርሊን እጅ ውስጥ ሆኖ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ በተቀመጠችበት ውስጧ ባዶ ሆነ።

ሰብሳቢዋ ቀጣዩን ስም ጠራች። ስሙ ለአፏ አልመች ብሏት ደጋግማ «ሃሲቤ፣ ሃሲባይ» አለች። አክሊሉ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፊቱ ላይ ሐዘን ብታይ ኖሮ ምናልባት እግሯ አይነሳላትም ነበር፤ ያየችው ግን ፍርሃት ነው። ያ ፍርሃት አስነሳት።

በወንበሮቹ መሃል ስታልፍ ሂጃቧን ያዩት የሰፈሩ ሰዎች ተስፋ አደረጉ። ይቺ ሙስሊም ሴት ውሻ ፈርታ ልትከስ መጣች ብለው መንገድ ለቀቁላት። እውነትም አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ያን አሸዋ ለማስዘጋት፣ የጽጌሬዳንም ወንዝ ከወዲሁ ለመንጠቅ፣ ከእሷ የተሻለ ምስክር አልነበረም። ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ይህን ሁሉ አሰበችው። አክሊሉ አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ ውሻ እንዳልነካ ተደርጌ ነው ያደግሁት» አለች። «ወደዚያ ዳርቻ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በፍርሃት መንቀሳቀስ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ዳርቻውን አትዝጉት። ከውሾቹ አንድም ክፉ ነገር አላየሁም።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ንግግሯ በማን ላይ እንደከበደ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሀሲባ የስብሰባውን ፍጻሜ ሳትጠብቅ በጎን በር ወጣች።

*

የሰኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አክሊሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰባት። ውሻው ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እሷን ሲያይ በደስታ ጮኸ። ሀሲባ ወደዚያ አልተመለከተችም።

አክሊሉ ብዙ ተናገረ። ያገባው ከአገር ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሆነ፣ ዓመታቱ ሲረዝሙ የሚስቱ ፊት እንኳ እየጠፋበት እንደሄደ፣ ቪዛውን ደግመው ሲከለክሏት ነገሩ አለቀ ብሎ እንዳሰበ ነገራት። ልነግርሽ ነበር አለ። ዛሬ ነገ እያለ እንዳለፈ፣ ለእሷ ያለው ፍቅር ግን ውሸት እንዳልነበረ እየማለ ተናገረ። ሀሲባ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስሙን ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለራስሽ አድርገሽ ወሰድሽው። ደስ ሲልሽ አየሁ» አለ። «ደስታሽ ደግሞ ደስ አለኝ። ማረም አቃተኝ፣ ሀሲባ።»

«ለእኔ ቢሆን ኖሮ እስክትመጪ ነበር የሚባለው» አለች። «እስክትመጣ የሩቅ ሴት ነው። በየቀኑ ስትጠራው ስሰማ እንዴት ጆሮዬ ይህን አጣ? ስሟን እየጠራህ እኔን እያየኸኝ ነበር።»

«አንቺን ነበር የማየው። ወላዲተ አምላክን፣ አንቺን ነበር።»

«ዘንድሮም ቢከለክሏት ኖሮስ?»

አክሊሉ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ እንደ ወትሮው። ሀሲባ ያ አንገት ለካስ መልስ ሲያጣም እንደሚያዘነብል ያኔ ገና አየችው።

«ኤምባሲው እንዲመርጥልህ ነበር የምትጠብቀው» አለች። «አዎ ካሏት እሷ፣ እምቢ ካሏት እኔ። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አንተን መርጬ ለወንድሜ ነገርኩት።»

አክሊሉ ፊቱ ተለወጠ። አንድ እርምጃ ቀረባት። ሀሲባ እንባ የሚመጣ፣ ይቅርታ የሚለምን መሰላት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ልቧ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ስሜን ነግረሽዋል?» አላት።

ሀሲባ ሚስት እንዳለው ስትሰማ ልቧ ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ግን የተሰበረውን ሰብስባ የምትሰጠው ሰው እንደሌለ ገባት። ሰውየው ወንዝ ዳር ሆኖ ሲወዳት የማይፈራው፣ እዚያ የሚያውቀው ሐበሻ ስለሌለ ነበር።

«አይዞህ፣ አልነገርኩትም» አለችው። «ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብሏል።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስትነሳ ውሻው ይጮህ ነበር። በመስታወት አላየችም። ከኋላዋ የአዳራሹ በር ተከፍቶ የውሻ ባለቤቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ፤ ዳርቻው ለበጋው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተወስኖላቸው ነበር። በሀሲባ ምስክርነት ያሸነፉትን ነገር እሷ ዳግም ልታየው አልፈለገችም።

*

ሙሀይሚን ከሥራ በጊዜ ተመልሶ ነበር። ፊቱ ደክሟል፤ ነገር ግን ሲያያት ተነስቶ ቆመ። ዙለይሃ ለእሁድ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቅ እንደቆየች ከፈገግታዋ ያስታውቃል። ሀሲባ አፏን ሳትከፍት ወንድሟ ቀደማት።

«ደሴ ደወልኩ» አላት። «ለአጎታችን ለቡርሃን ነገርኩት። መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ እንደገና ዘጋብኝ። በመጨረሻ፣ እህቴ ዋዘኛ ሰው አትመርጥም፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አልኩት። ግድ የለም፣ ይበርድለታል። ብቻ ንገሪኝ፣ እሁድ ከምሳ በፊት ነው የሚመጣው ወይስ በኋላ?»

ሀሲባ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አይመጣም» አለች። «ሚስት አለው። ዛሬ ነው ያወቅሁት፣ ሙሄ። በሰው ፊት ሲናገር ነው የሰማሁት።»

ዙለይሃ «ያ አላህ» ብላ ተቀመጠች። ሙሀይሚን ግን ቆሞ ቀረ። አጎቱን የተጣላበትን ነገር፣ ኃላፊነት ወሰድኩ ያለበትን ነገር፣ በልቡ አንድ በአንድ ሲያገላብጠው ሀሲባ ታየዋለች። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት፣ እግሩ ላይ ወድቃ ታለቅስና ይወጣላት ነበር።

«የት ነበር የምታገኚው?» ሲል ጠየቃት፣ በቀስታ።

«ወንዙ ጋ። ውሾች የሚለቀቁበት ቦታ።»

«መቼ?»

ሀሲባ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ» አለች።

ሙሀይሚን ራሱን ነቀነቀ። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ማለዳ እየተነሳ የመኪናዋን መስታወት በረዶ የሚፍቅላት እሱ ነበር። ኦቨርታይም አደከመሽ እያለ እግሯን በሙቅ ውሃ እንድትዘፈዝፍ ያዘጋጅላት የነበረውም እሱ ነው። ይህን አላነሳውም። ሀሲባ ግን እሱ ሳያነሳው ሰማችው፤ አክሊሉ ዓይኗን እያየ ሲዋሻት እንደኖረ ሁሉ፣ እሷም የወንድሟን ዓይን እያየች ስትዋሸው እንደኖረች ያን ጊዜ ታወቃት።

«ሚስት እንዳለው አላወቅሽም?» አላት።

«ወላሂ አላወቅሁም። ወላሂ፣ ሙሄ።»

ሙሀይሚን መስኮቱ ጋ ሄዶ ውጭ ውጭውን ተመለከተ። ታች የሰፈሩ ልጆች በብስክሌት ይሯሯጣሉ። «አምኜሻለሁ» አላት፤ ፊቱን ግን ወደ እሷ አላዞረም። በዚያን ቀን ሀሲባ ከሰማችው ሁሉ ይበልጥ ያመማት ይህ ነበር።